እረኛ ምን አለ? ጆን ስታይንቤክ በ1960 አገሩን ለማዳመጥ ያደረገው ጉዞ

የቀደሙት ነገሥታት የሕዝባቸውን ልብ ማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር በኢትዮጵያ ሲነገር የኖረ ነው። በአደባባይ የሚሰማው ውዳሴና ሹማምንት የሚያቀርቡት ወሬ ሁሉ ተሞርዶ የተስተካከለ በመሆኑ፣ እውነቱ የሚገኘው ከብት እየጠበቀ ለራሱ ከሚያንጎራጉረው ልጅ አፍ ነው የሚል እምነት ነበር። እረኛው ማን እንደሚሰማው አያውቅም፤ ስለዚህም አይዋሽም። ይህ ብልሃት ግን አንድ ችግር አለበት። ጠያቂው ራሱ ሜዳ ወርዶ ከእረኛው ፊት ሲቆም እረኛው ዘፈኑን ያቋርጣል። ቀና ብሎም የመጣበት ሰው ማን እንደሆነ ይመለከታል።

ሴፕቴምበር 23 ቀን 1960 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስታይንቤክ በሎንግ አይላንድ ደሴት ከምትገኘው የሳግ ሃርበር መንደር ተነሥቶ የገዛ አገሩን ሊዞር መንገድ ጀመረ። ዕድሜው 58 ነበር። ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ በጠና ታምሞ ስለነበር ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ቤቱ አርፎ እንዲቀመጥ ይመክረው ነበር። እርሱ ግን ለብዙ ዓመታት ስለ አሜሪካ ሲጽፍ የኖረው ከትዝታና ከጋዜጣ እየቀዳ እንደሆነ ተሰምቶት ነበር። የአገሩን ንግግር በጆሮው ሳይሰማ፣ ሣሯንና አፈሯን ሳያሸት ስለ እርሷ መጻፍ እንደ ወንጀል ቆጠረው። አሥራ አንድ ሳምንት ያህል በፈጀውና ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው በዚያ ጉዞ ያየውንና የሰማውን በ1962 «ከቻርሊ ጋር ያደረግኋቸው ጉዞዎች» በሚል ርዕስ አሳተመው። በዚያው ዓመትም የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሰጠው።

ጊዜው የምርጫ ዋዜማ ነበር። ዲሞክራቱ ጆን ኬኔዲና ሪፐብሊካኑ ሪቻርድ ኒክሰን ለፕሬዚዳንትነት ይፎካከሩ ነበር። ስታይንቤክ ጉዞ በጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 26፣ ሁለቱ እጩዎች በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያ የሆነውን የቴሌቪዥን ክርክር በቺካጎ አካሄዱ፤ 70 ሚሊዮን የሚሆን ሰው እንደተመለከተውም ይገመታል። አገሩ በሙሉ በአንድ መስኮት በኩል ሁለት ሰዎችን ሲመለከት፣ ስታይንቤክ ደግሞ በመኪናው መስኮት አገሩን ሊመለከት ወጥቶ ነበር። እንዲህ ባለ ሰሞን በየመንገዱ የሚያገኘው ሰው ሁሉ ስለ ፖለቲካ ተከራክሮ እንደማይጠግብ ነበር የገመተው። ግምቱ አልሰመረም።

ከዳቦ መኪና እስከ ሮሲናንቴ

ስታይንቤክ በመኪና እየዞረ የማያውቃቸውን ሰዎች ሲያነጋግር ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1936፣ የኢኮኖሚው ድቀት አሜሪካን ባደቀቀበት ዘመን፣ አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ስለ ስደተኛ የእርሻ ሠራተኞች እንዲጽፍለት ጠየቀው። እርሱም የዳቦ ማመላለሻ የነበረች አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ ምግቡንና ብርድ ልብሱን ጭኖ በካሊፎርኒያ ሸለቆዎች ውስጥ በተተከሉ የሠራተኛ ሰፈሮች ዞረ። ከኦክላሆማና ከአካባቢዋ በድርቅና በባንክ ዕዳ ተነቅለው የመጡ ገበሬዎች በጨርቅና በካርቶን ጎጆ ውስጥ ልጆቻቸው በረሃብ ሲዝሉ አየ። ያ ጉዞ በመጀመሪያ ሰባት የጋዜጣ ጽሑፎችን፣ ኋላም በ1939 የታተመውንና በ1940 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘውን «የቁጣ ወይን» የተባለ ታላቅ ልቦለድ ወለደ።

በ1936 ያገኛቸው ሰዎች የሚናገሩት ነገር ነበራቸው። ማን መሬታቸውን እንደወሰደ፣ ማን ደመወዛቸውን እንደቆረጠ፣ ልጃቸው የሞተችው ለምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። በዳቦ መኪና የመጣው ጎልማሳም ከእነርሱ እምብዛም የተሻለ ስላልለበሰ አልፈሩትም። በ1960 የተነሣው ሰው ግን ሌላ ነበር። ሀብታምና ዝነኛ ሆኗል፤ ለአድላይ ስቲቨንሰን በ1952ና በ1956 ምርጫዎች ብዕሩን ያዋሰ፣ ከትላልቅ ፖለቲከኞች ጋር ማዕድ የሚቆርስ ሰው ነው። ስሙ ከታወቀ ሰዎች የሚነግሩት መስማት የሚፈልገውን ብቻ እንደሚሆን ያውቅ ስለነበር ማንነቱን ሳይናገር ብቻውን ለመጓዝ ወሰነ። በጉዞው ሁሉ አንድም የመንገድ ሰው እንዳላወቀው በመጽሐፉ በኩራት ይናገራል።

መኪናይቱ ጄኔራል ሞተርስ የሠራት አዲስ ፒክአፕ ስትሆን በጭነት ቦታዋ ላይ አንዲት ትንሽ ቤት ተገጠመችባት። አልጋ፣ ባለ አራት ምድጃ ማብሰያ፣ ማሞቂያ፣ ማቀዝቀዣ፣ ቁም ሣጥንና መጸዳጃ ነበራት። ዛሬ «ካምፐር» እየተባለ የሚጠራው ዓይነት ነው። ልብሱን የሚያጥበው ክዳን ባለው የቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ውሃና ሳሙና ጨምሮ በላስቲክ ገመድ ቁም ሣጥኑ ውስጥ በማንጠልጠል ነበር፤ የመንገዱ መንገጫገጭ ሲያሸው ይውላል። ለመኪናይቱ ሮሲናንቴ የሚል ስም አወጣላት፤ ሰርቫንቴስ የፈጠረው ባላባት ዶን ኪሆቴ የሚጋልባት የከሳች ፈረስ ስም ነው። በዚህም ስታይንቤክ ጉዞውን ከሌላው ቀድሞ ራሱ ቀለደበት። መኪናይቱ ዛሬ በትውልድ ከተማው በሳሊናስ፣ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ውስጥ ቆማ ትታያለች።

እንግዳን የማናገር ብልሃት

የማያውቁትን ሰው ማናገር ጥበብ ይጠይቃል። ስታይንቤክ ይህን ጥበብ በሚገባ አስቦበት ነበር። ጠመንጃና የዓሣ መንጠቆ ጭኖ ወጣ፤ የማደንም የማጥመድም ሐሳብ ግን አልነበረውም። ያለ ምክንያት የሚዞር ሰው ይጠረጠራል፤ ለአደን የወጣ ሰው ግን ምን ትፈልጋለህ አይባልም። በመሬቱ ላይ ሊያድር የሚፈልገውን ገበሬ አስቀድሞ ያስፈቅዳል፤ ከዚያም ቡና አፍልቶ ወደ መኪናው ቤት ይጋብዘዋል። በዚህ ጊዜ የእንግድነቱ ሚዛን ይገለበጣል፤ ባለ መሬቱ በገዛ ርስቱ ላይ እንግዳ ይሆናል፤ መንገደኛው ደግሞ አስተናጋጅ። ቡና ጠርቶ ማነጋገርን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ብልሃት እንግዳ አይሆንበትም።

ሁለተኛው ረዳቱ ቻርሊ የተባለው ውሻ ነበር። በፈረንሳይ የተወለደ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ትልቅና ጥቁር ሰማያዊ ፑድል ነው። ስታይንቤክ አምባሳደሬ ይለዋል። ሰዎች ወደሰፈሩበት ቦታ ሲደርስ ውሻውን ይለቅቀዋል፤ ውሻው ሄዶ ያሸታል፤ ባለቤቱ ተከትሎ «ይቅርታ፣ አስቸገራችሁ?» ይላል፤ ወሬው ከዚያ ይጀመራል። በሜይን ግዛት ድንች ለመልቀም ከካናዳ ኩቤክ የመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችን ያገኛቸው በዚህ መንገድ ነበር። በመኪናው ጠባብ ቤት ውስጥ ተጨናንቀው ኮኛክ ተቋድሰው በወዳጅነት ተለያዩ።

በየደረሰበት ግን ሰዎችን ይበልጥ ያናገራቸው መኪናይቱ ራሷ ነበረች። ከሳግ ሃርበር ገና ሳይነሣ ጀምሮ ጎረቤቶቹ እየመጡ ይመለከቷት ነበር። በዓይናቸው ውስጥም አንድ ነገር ያያል፤ መሄድ ይመኛሉ። ወዴት እንደሆነ አያውቁትም፤ ካሉበት መራቅ ብቻ ይሻሉ። ይህን ናፍቆት በደረሰበት ግዛት ሁሉ አገኘው። ጉዞውን ሲጀምር ስለ ፖለቲካ ሊጠይቅ ነበር ያሰበው፤ ሰዎቹ ግን የነገሩት ስለዚህ ናፍቆት ነበር። በጦርነት ማግስት የተገኘው ብልጽግና ጠግቦ ለማደር አብቅቷቸው ሳለ ለምን መነሣት እንደሚያምራቸው እርሱም እነርሱም ማስረዳት አልቻሉም።

ዝም አይነቅዝም

ስታይንቤክ በተነሣበት በሴፕቴምበር 23 የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ኒኪታ ክሩስቼቭ ኒው ዮርክ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቅኝ አገዛዝን የሚያወግዝ ረጅም ንግግር አሰማ። ያ ጉባኤ ለአፍሪካ ቀንድም የማይረሳ ነው። ከሦስት ቀን በፊት፣ ሴፕቴምበር 20፣ ሶማሊያ ከሌሎች አዲስ ነፃ ከወጡ የአፍሪካ አገሮች ጋር በአባልነት ገብታ ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይሞሉም የአዲሶቹ የአፍሪካ አባላት ቁጥር 16 ደረሰ። ዓለም እየተለወጠ ነበር። በኒው ሃምፕሻየር ተራሮች ግርጌ ስታይንቤክ ያነጋገረው ገበሬ ስለዚሁ ጉባኤና ስለ ሩሲያው መሪ አንሥቶ ሲያወራ፣ ስለ ገዛ አገሩ ምርጫ ግን የሚለው አልነበረውም። በአያቱ ዘመን ሰው ስለ ምድርም ስለ ሰማይም እርግጠኛ ነበር፤ አሁን ግን አቶም በተሰነጠቀበት ዘመን አንድ ገበሬ በምን ላይ ቆሞ ሐሳብ ይሰጣል? የገበሬው አነጋገር ፍሬ ነገር ይህ ነበር።

በሚኒሶታ ያገኘው ባለ ሱቅ ደግሞ ነገሩን በሌላ በኩል ገለጠው። ስታይንቤክ ሰዎች ስለ ምርጫው ለምን እንደማይከራከሩ ሲጠይቀው፣ ባለ ሱቁ ሰው አሁን የሚከራከረው ስለ ሩሲያውያን እንደሆነ ነገረው። ዶሮ እንቁላል ባትጥል፣ ምጣድ ቢያር፣ ሚስት ባሏን ብትቆጣ ጥፋቱ የሩሲያውያን ነው። በድሮ ጊዜ ጥፋቱ የሚላከከው በሩዝቬልት ላይ ነበር። ሰው ሁሉ የሚወቅሰው ሩቅ ጠላት ሳያስፈልገው አይቀርም፤ ምናልባትም ሩሲያውያን ራሳቸው እንዲሁ የሚያደርጉት አላቸው፤ እነርሱ የሚወቅሱት አሜሪካውያንን ይሆናል። ይህን የሚሰማው ስታይንቤክ በ1947 ከፎቶግራፍ አንሺው ሮበርት ካፓ ጋር ሶቪየት ኅብረትን ዞሮ ስለ ተራው ሰው ሕይወት መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበር። በሩሲያ ገበሬ ማዕድ የቀረበ አሜሪካዊ ስለሆነ፣ የባለ ሱቁ ቀልድ ከቀልድ ያለፈ እውነት እንዳለው ያውቅ ነበር።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። የሰሜኑ አሜሪካዊ ዝምታ ግን የፍርሃት ዝምታ አልነበረም፤ ቢናገር የሚያስረው የለም። ስለ ኬኔዲና ስለ ኒክሰን ቢናገር የሚጣላው ጎረቤቱን ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር ደግሞ አብሮ መኖር አለበት። በሩቅ ጠላት መማረር ግን ማንንም አያጣላም። ስለዚህ ፖለቲካው አልጠፋም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ። ምርጫው በተደረገ ጊዜ ይህ ዝምታ ምን ሲሸፍን እንደነበር ታየ። ኖቬምበር 8 ከ68 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ ኬኔዲ ያሸነፈው በ112 ሺህ ድምፅ ያህል ብልጫ ብቻ ነው። ሐሳብ የለንም ይሉ የነበሩት ሰዎች እኩል ለእኩል ተከፍለው ኖረዋል።

ስታይንቤክ በሞቀ ክርክር የተጠመደው ከእንግዳ ሰው ጋር ሳይሆን ከእኅቶቹ ጋር ነበር። በምርጫው ሰሞን ወደ ትውልድ አካባቢው፣ ወደ ሞንተሬይ ባሕር ዳርቻ ደረሰ። ቤተሰቡ ከጥንት ጀምሮ ሪፐብሊካን ነው፤ እርሱ ዲሞክራት። ወንድምና እኅት በፍቅር ተሳስመው ከተቀመጡ በኋላ የኬኔዲና የኒክሰን ስም ሲነሣ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ ፊታቸው ይቀላል። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሲፈልገው የቆየውን የፖለቲካ ንግግር ያገኘው በገዛ እናቱ ልጆች አፍ ነበር። ዘመድ ቢጣላ ይታረቃል፤ እንግዳ ግን ከተቀየመ ተቀየመ ነው። ሰው ልቡን የሚከፍተው ለማያውቀው ነው የሚለው አባባል እዚህ ላይ አልሠራም።

የትምህርት ቤቱ በር

ከካሊፎርኒያ በቴክሳስ በኩል አድርጎ ወደ ደቡብ ሲገባ የጉዞው ድባብ ተለወጠ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በትምህርት ቤቶች ጥቁርንና ነጭን መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ቢወስንም በደቡብ ግዛቶች ውሳኔው ለዓመታት ወረቀት ላይ ቀርቶ ነበር። ኖቬምበር 14 ቀን 1960 በፌዴራል ዳኛ ትእዛዝ የስድስት ዓመቷ ሩቢ ብሪጅስ ኒው ኦርሊንስ በሚገኘው የዊልያም ፍራንትዝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንድትገባ ሆነ። በዚያው ቀን ሦስት ሌሎች ጥቁር ሕፃናት በሌላ ትምህርት ቤት ገቡ። ነጭ ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ። ሩቢ በታጠቁ የፌዴራል ፖሊሶች ታጅባ እየገባች ለአንድ ዓመት በባዶ ክፍል ከአንዲት መምህርት ጋር ብቻዋን ተማረች። በየማለዳው ከበሩ ፊት ለፊት የተሰበሰቡ ነጭ ሴቶች ስድብና እርግማን ያወርዱባት ነበር። ጋዜጦች እነዚህን ሴቶች የጭፈራ መሪዎች የሚል ስም አወጡላቸው።

ስታይንቤክ ይህን በዓይኑ ለማየት ወደ ኒው ኦርሊንስ ሄደ። የኒው ዮርክ ሰሌዳ የለጠፈች መኪና በደቡብ ጠብ ስለምትጠራ ሮሲናንቴን በማቆሚያ ትቶ በታክሲ ተጓዘ። የማቆሚያው ጠባቂ ከመኪናው ውስጥ ያለውን ቻርሊን አይቶ ጥቁር ሰው የተቀመጠ መስሎት እንደነበር እየሳቀ ነገረው። ቀልዱ በከተማው ሁሉ ተደጋገመበት፤ ስታይንቤክም መሳቅ አቃተው።

በትምህርት ቤቱ በር ያየው ነገር የመጽሐፉ አስከፊ ገጾች ሆኑ። ትንሿ ልጅ ነጭ ልብስ ለብሳ ከግዙፍ ፖሊሶች መካከል ወጥታ ወደ በሩ ስትራመድ ሕዝቡ ጮኸ። ከዚያም አንድ ነጭ አባት የልጁን እጅ ይዞ ሲመጣ ጩኸቱ ከፊተኛው ባሰ። ስታይንቤክ በዚያ ያስተዋለው ሴቶቹ በጭብጨባ የሚነዱ ተዋንያን መሆናቸውን ነው። ስለ ራሳቸው የተጻፈውን የጋዜጣ ቁራጭ ይዘው ለተመልካች ያሳያሉ፤ ሕዝቡም ትርኢት እንደሚያይ ሰው ያጨበጭባል። የተናገሩትን ቃል ጋዜጦች አላተሙትም፤ ቴሌቪዥንም ድምፁን አደብዝዞ አልፎታል። ስታይንቤክ ቃል በቃል ጽፎት ነበር፤ አሳታሚው ግን ከመታተሙ በፊት አስወጣው። በሰሜን ሐሳብ የለንም ያለውን ሕዝብ ሲያዳምጥ የቆየው ሰው፣ በመጨረሻ ሐሳቡን በግልጽ የሚጮኽ ሕዝብ ሲያገኝ ጩኸቱ በወረቀት ላይ ሊሰፍር የማይችል ሆነ።

አራት የደቡብ ሰዎች

ከዚያ ወጥቶ በሚሲሲፒና በአላባማ በኩል ሲመለስ ከአራት ሰዎች ጋር ስለዚሁ ነገር ተነጋገረ። የመጀመሪያው በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያገኘው አረጋዊ ነጭ ነው። ትሑትና የተማረ ሰው ሲሆን፣ ልዩነቱ ማብቃቱ እንደማይቀር ያውቃል፤ የሚፈራው ማብቂያው በምን ዓይነት መንገድ እንደሚመጣ ነው።

ሁለተኛው በመንገድ ዳር ሲዘግም ያገኘው ሽማግሌ ጥቁር ገበሬ ነው። ስታይንቤክ በመኪናው አሳፈረው፤ ሽማግሌው ግን ከነጭ ጋር መቀመጡ ራሱ አስፈርቶት ነበር። ለጥያቄዎቹ በአክብሮት «አዎ ጌታዬ» ከማለት በቀር አልተናገረም፤ ብዙም ሳይርቅ ቤቴ እዚህ ነው ብሎ ወረደ። ስታይንቤክ በመስተዋቱ ሲያየው ሽማግሌው ወደ የትኛውም ቤት አልገባም፤ መንገዱን በእግሩ ቀጠለ። ለእርሱ በእግር መሄድ ከመሳፈር ይልቅ የሚያስተማምን ነበር። በሰሜን የሰማው ዝምታና ይህኛው አንድ አልነበሩም። የሰሜኑ ሰው ዝም ያለው ጎረቤቱን ላለማስቀየም ነው፤ ሽማግሌው ግን ዝም ያለው ነፍሱን ለማትረፍ ነው። «ሆድ ይፍጀው» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሦስተኛው ነጭ መንገደኛ ነበር። በትምህርት ቤቱ በር የሚጮኹትን ሴቶች አወደሰ፤ ስታይንቤክ አልስማማ ሲለው ጥቁር ወዳጅ ብሎ ሰደበው። ስታይንቤክም መኪናውን አቁሞ አወረደው። ሁለት ወር ያህል ዝም ብሎ ሲሰማ የኖረ ሰው አድማጭነቱ ያበቃው እዚህ ላይ ነው። አራተኛው ወደ ሞንትጎመሪ በሚወስደው መንገድ የተሳፈረ ወጣት ጥቁር ተማሪ ነበር። ሞንትጎመሪ በ1955 ጥቁሮች አውቶቡስ ላለመሳፈር አድመው ለ381 ቀናት በእግራቸው የተመላለሱባት፣ ማርቲን ሉተር ኪንግም ስሙ የታወቀባት ከተማ ናት። ወጣቱ በመብት ትግሉ የተሳተፈ ነው፤ ነገር ግን የኪንግ ሰላማዊ መንገድ ዘገምተኛ ሆኖበታል፤ ለውጡን በራሱ ዕድሜ ማየት ይፈልጋል። ከአራቱ መካከል እንግዳውን ሳይፈራ ልቡን የነገረው ይህ ወጣት ብቻ ነበር።

ስታይንቤክ በዚህች መኪና በደረሰበት ሁሉ ማደሩ ለሁሉም አሜሪካዊ የተሰጠ መብት አልነበረም። ጥቁር መንገደኛ የትኛው ሆቴል እንደሚያሳድረው፣ የትኛው ምግብ ቤት እንደሚያበላው፣ የትኛው ነዳጅ ማደያ እንደማያባርረው አስቀድሞ ካላወቀ መንገድ መውጣት አይችልም ነበር። ቪክቶር ግሪን የተባለ የሃርለም ፖስተኛ ከ1936 ጀምሮ «አረንጓዴው መጽሐፍ» እየተባለ የታወቀ የመንገድ መሪ ያሳትም የነበረው ለዚሁ ነው። ግሪን ስታይንቤክ መንገድ በወጣበት በዚያው ዓመት ሞተ። ስታይንቤክ ከተመለሰ ከአምስት ወር በኋላ፣ ሜይ 4 ቀን 1961፣ 13 ጥቁርና ነጭ መንገደኞች በሕዝብ አውቶቡስ ከዋሽንግተን ወደ ኒው ኦርሊንስ ተነሡ። አብረው ከመቀመጥ በቀር አንድም ንግግር አላደረጉም። ሜይ 14 ቀን በአላባማ አንደኛው አውቶቡስ በእሳት ጋየ። እነዚህ የነፃነት ተጓዦች በደቡብ መንገድ ላይ ፖለቲካን የሚናገሩት በመቀመጫቸው ነበር፤ ስታይንቤክ የሚጠይቀውን ጥያቄ መልሱን በገዛ አካላቸው ከፈሉበት።

ብቻውን ነበርን?

መጽሐፉ ለግማሽ ምዕተ ዓመት እንደ እውነተኛ የጉዞ ማስታወሻ ሲነበብ ኖረ። በ2010 ቢል ስታይገርዋልድ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ የጉዞውን 50ኛ ዓመት ለማክበር ያንኑ መንገድ ተከትሎ ተጓዘ። ደብዳቤዎችንና ኒው ዮርክ በሚገኘው የሞርጋን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠውን የእጅ ጽሑፍ ሲመረምር ያልጠበቀውን አገኘ። የስታይንቤክ ባለቤት ኢሌን ከግማሽ ለሚበልጠው ጊዜ አብራው ነበረች፤ ከታተመው መጽሐፍ ግን አብዛኛው መገኘቷ ወጥቷል። ብዙዎቹን ሌሊቶች ያደረው በሆቴል፣ በሞቴልና በወዳጆቹ ቤት ነው። በሰሜን ዳኮታ በሜዳ ላይ አድሮ ከአንድ ተጓዥ ተዋናይ ጋር ተነጋገርሁ ባለበት ሌሊት፣ ለባለቤቱ የላከው ደብዳቤ ከዚያ እጅግ በራቀ ከተማ በሞቴል ማደሩን ይመሰክራል። ስታይገርዋልድ ከዚህ ተነሥቶ ብዙዎቹ ንግግሮች የተፈጠሩ ናቸው ሲል ደመደመ። የመጽሐፉ አሳታሚ በ2012 ባወጣው እትም መግቢያ የጻፈው ጄይ ፓሪኒም ስታይንቤክ ከሁሉ በፊት ልቦለድ ጸሐፊ ስለነበር መጽሐፉን ቃል በቃል መውሰድ ስሕተት እንደሆነ አስጠነቀቀ።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እረኛ ምን አለ ብሎ የሄደ ሰው እረኛው ያላለውን ቢያወራ፣ ንጉሡ የሚሰማው የመልእክተኛውን ዘፈን ነው። የሚኒሶታው ባለ ሱቅ እንዲያ በተዋጣ አንደበት መናገሩ፣ የኒው ሃምፕሻየሩ ገበሬ እንደ ፈላስፋ መራቀቁ፣ አራቱ የደቡብ ሰዎች የችግሩን አራት ማዕዘን እንዲህ በየተራ ይዘው መምጣታቸው አንባቢን ሊያጠራጥር ይገባል። ልቦለድ ጸሐፊው የተበታተነውን ድምፅ ሰብስቦ በአንድ አፍ አናግሮት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ የ1960ው አሜሪካ ተራ ሰው ስለ ምርጫው ምን ይል እንደነበር ለማወቅ መጽሐፉን እንደ ምስክር ቃል መጥቀስ አይቻልም።

የመጽሐፉ ሁሉ ክብደት ግን በአንድ ሚዛን አይለካም። የዊልያም ፍራንትዝ ትምህርት ቤት በር የስታይንቤክ ፈጠራ አይደለም። ፎቶግራፎች፣ የዜና ፊልሞች፣ የፍርድ ቤት መዛግብትና ኋላ ያደገችው ሩቢ ብሪጅስ ራሷ መስክረውለታል። ሠዓሊው ኖርማን ሮክዌል በ1964 የሣላት ያቺ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሕፃን እርሷ ናት። ስታይንቤክ ብቻውን ሰማሁት ያለው ሁሉ ሲያጠራጥር፣ በሕዝብ መካከል ቆሞ ያየው ግን ጸንቶ ቆሟል። ዝምታውንም ቢሆን ሊፈጥረው የሚያበቃ ምክንያት አልነበረውም። ሞቅ ያለ የምርጫ ክርክር መፍጠር ለልቦለድ ጸሐፊ ቀላል ነበር፤ ለመጽሐፉም ሽያጭ ይጠቅመው ነበር። እርሱ ግን የጻፈው ፈልጎ ማጣቱን ነው።

ስታይንቤክ ራሱም የሚናገረው ቃል የመጨረሻው እውነት እንዳልሆነ በመጽሐፉ ውስጥ አምኗል። አንድ ጊዜ ከፕራግ ሲመለስ በአውሮፕላን ከአንድ ታዋቂ ጋዜጠኛ ጋር ይገናኛል። ሁለቱም ከአንዲት ከተማ፣ በአንድ ሰሞን ነው የመጡት፤ ጋዜጠኛው ያያት ፕራግና እርሱ ያያት ፕራግ ግን ፈጽሞ አይገናኙም። ጋዜጠኛው ከባለ ሥልጣናትና ከአምባሳደሮች ጋር ሰንብቷል፤ እርሱ ከተዋንያንና ከመንገድ ሰዎች ጋር። ሁለቱም አልዋሹም። አሜሪካንም ሌላ ሰው በሌላ መኪና ቢዞራት ሌላ አሜሪካ ይዞ እንደሚመለስ ጽፏል።

ጉዞው ያበቃው ቤቱ ሳይደርስ ነበር። ከደቡብ ሲወጣ በቨርጂኒያ አቢንግደን ከተማ አጠገብ መንፈሱ ደከመ፤ ከዚያ ወዲያ ያለፈውን መንገድ አላስተዋለውም። ሰውም አላነጋገረም። ኒው ዮርክ ገብቶ ለዓመታት በኖረባት ከተማ መንገድ ጠፋበትና መኪናውን አቆመ። ከአሥራ አንድ ሳምንት በፊት አገሩን ሊያውቅ የወጣው ሰው አንድ የትራፊክ ፖሊስ አስጠግቶ፣ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀ።